ሳይሞቅም ይሄዳል

ስለ መኪናዋ ነው የጠየቅከኝ፣ ስለ መኪናዋ እነግርሃለሁ። ግን መጀመሪያ ቁጭ በል። እዚያ የሸራው ጥቅል ላይ፤ አይበላህም። ቆሞ የሚሰማ ሰው አልወድም፤ ግማሹን ይሰማና ሄዶ ሙሉውን ያወራል። መርካቶ እንዲህ ያለው ሞልቷታል፣ አንተ አትጨመርባት።

ያቺ ነጭ ፒካፕ ናት አይደል ዓይንህ የገባችው፣ ከራጉኤል አጥር ወዲህ የቆመችው? በሯ ላይ የተላጠ አርማ ምልክት አለ። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ የወጣች ናት፤ ደርግ ወድቆ፣ ንግዱ ተፈትቶ፣ ሰው እንደ ልቡ መነገድ በጀመረ ሰሞን። ናፍጣ ናት። ሞተሯ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ይህን ደላላ ሲነግርህ አትመነው፣ እኔ ስነግርህ ግን እመነኝ፤ እኔ ገመድና ሸራ እሸጣለሁ እንጂ መኪና አልሸጥም፣ ከባለቤቷ ጋር ደግሞ አንድ ግቢ ነው የኖርኩት፣ ግድግዳ ለግድግዳ። ከእሷ ጋር መርካቶ የገቡት ፒካፖች ዛሬ ሶማሌ ተራ ተበትነው ነው የምታገኛቸው፤ የአንዷ በር እዚህ፣ የአንዷ ካምቢዮ እዚያ። እሷ ግን ስኳር ትጭናለች፣ ሲሚንቶ ትጭናለች፣ ወልቂጤ ደርሳ ትመለሳለች። ትቆያለች ወይ ነው ያልከኝ? ትቆያለች። ችግሩም እሱ ነው።

ጋቢናዋ ውስጥ የተቀመጠውንም ሽማግሌ አይተኸዋል። ሰላም ብለኸው ዝም ሲልህ ኩራት መስሎህ ይሆናል። ኩራት አይደለም፣ አፉ ተይዞ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩም የሉም በለው፣ ተንጠልጥለው ነው ያሉት። ዱባለ ይባላል። ወጣቶቹ ፊት ለፊት ጋሼ ዱባለ ይሉታል፣ ዞር ሲል ግን ተራው በሙሉ ጋሽ ይሙቅ ነው የሚለው። እኔ ዱባለ ነው የምለው። ጋሼ ብዬው አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ ስትሰማ ይገባሃል።

ከእነሞር ነው የመጣው፣ ባዶ እጁን፣ እንደ ብዙዎቻችን። ጫማ ጠረገ፣ ተሸከመ፣ የመኪና ረዳት ሆነ፣ መንዳት ለመደ። በደርግ ጊዜ ሀብተ ወልድ ለሚባል የቆዳ ነጋዴ ሾፌር ሆኖ ተቀጠረ። አንድ የኅዳር ጠዋት፣ ውርጭ በጣለበት ቀን፣ የጭነት መኪናውን አስነስቶ ወዲያው ከነጭነቱ የጉለሌን ዳገት ሲያያይዘው ሞተሩ ቀጥ አለ። ደርቆ ተጣበቀ፣ በቃ። ሀብተ ወልድ መጣና ሰው በተሰበሰበበት በጥፊ አጮለው፤ ልብሱንም ከሚያድርበት ክፍል አውጥቶ ጭቃ ላይ በተነበት። መካኒኩ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ሳታሞቀው ነድተህ ነው የገደልከው» አለው። ኋላ እንደሰማነው ሀብተ ወልድ ቆጥቋጣ ነበረ፣ የሞተሩ ዘይት ከተቀየረ ዘመን የለውም። ይህን ለዱባለ ነግረውታል፤ አልሰማም። ያ ሰውዬ ጎጃም በረንዳ ካርቶን ላይ እየተኛ ያንን ብርድ ሲገፋ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ያዘ፤ ናፍጣ ሞተር ሳይሞቅ አይነካም።

ይቺን ፒካፕ እንዴት እንዳገኛት ልተወው፣ ብዙ ነው። ብቻ የራሱ አደረጋት፤ ካገኛት ወዲህ ሌላ ነገር ዓይኑ አይገባም። ጠዋት የአንዋር አዛን ሳያልቅ ዱባለ ጋቢና ውስጥ ነው። ቁልፉን ግማሽ ያዞራል፣ የማሞቂያዋ ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያስነሳል። አስነሳ ማለት ሄደ ማለት እንዳይመስልህ። ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ያዳምጣል፣ በጨርቅ ይወለውላል፣ ተመልሶ ይገባና የሙቀት መለኪያዋን ቀስት ያያል። ቀስቷ ከታች ተነስታ መሃል ካልደረሰች ንጉሥ ቢመጣ አይንቀሳቀስም። ጭነት ያለው ነጋዴ ይሰድበዋል፣ ኩሊዎቹ ይስቁበታል፣ የግቢው ሰው በጢሱ ይታፈናል፤ እሱ አንድ መልስ ነው ያለው። «ይሙቅ» ይላል። ያች ቃል ናት ስም ሆና የቀረችበት።

ሚስቱ ማዕረግ ትባል ነበር። ነፍሷን ይማር። ከዚህ ግቢ ሰው ውስጥ እንደ እህት የምቆጥራት እሷን ነበር፤ እኔ እስላም እሷ ክርስቲያን፣ ምን ልዩነት ነበረን፣ በበዓል ብቻ ነው ቢላችን የሚለያየው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ምላሷ የሚጣፍጥ ሴት። ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ላይ ቆማ ባሏ ሞተሩን ሲወለውል ታይና «ጠይባ፣ አየሽ ይሄን ሰውዬ? እኔን እንዲህ አሙቆኝ ቢያውቅ እስካሁን አሥር እወልድ ነበር» ትለኛለች። ሳቃችን አጥር ያልፋል። እሱ ይሰማናል፣ ጆሮው ይቀላል፣ ግን ከሞተሩ አይነሳም። ይወዳት ነበር። አልወደዳትም ብልህ ደስ ባለኝ፣ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ግን ይወዳት ነበር።

ልጅ ለዓመታት አልያዘላቸውም። ተስፋ ቆርጠው ከተዉት በኋላ አረገዘች። ሆዷ ገፍቶ፣ ወር ገብቶላት፣ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት ግድግዳውን ስትደበድብ ሰማሁ። ሄጄ ስገባ አልጋው ደም በደም ሆኗል። መልኳ ጠፍቷል። ዱባለ እጇን ይዟል። «መኪና አስነሳ» አልኩት። ወዲያው ሮጠ፣ አስነሳ፤ በዚህ አልወቅሰውም።

አንድ ሰው ላስተዋውቅህ። የማዕረግ ታናሽ ወንድም ማሙሸት ይባላል፤ አሁን ያቺን መኪና የሚነዳው እሱ ነው። ያኔም ጎልማሳ ነበር፣ ከእነሱ ጋር እየኖረ ለዱባለ ይጭናል ያወርዳል። እህቱን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ አወጣትና ጋቢና ገብቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። እኔ የግቢውን በር ልከፍት ሮጥኩ። ከፈትኩት። ዞር ብዬ ጠበቅኩ። መኪናዋ አትመጣም።

ተመልሼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ዱባለ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ያችን ቀስት ያያል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ይሙቅ» አለኝ።

ኮፈኑን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ሰደብኩት፣ አባቱን ሰደብኩ፣ የሚሰደብ ነገር አላስቀረሁም። «ደሟ እያለቀ ነው፣ አንተ ድንጋይ» አልኩት።

«ዳገት ነው፣ ጠይባ» አለኝ። «ብርድ ነው። ዳገቱ ላይ ቀጥ ቢልብኝስ? መንገድ መሃል ትሞትብኛለች። ትንሽ ነው፣ ትንሽ ይሙቅ።» እያለቀሰ ነበር። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ይህን ሳልነግርህ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ማሙሸት «ጋሼ፣ ይሂዱ» አለው። ደግሞ «ጋሼ፣ በእናትዎ» አለው። እሱ ታላቅ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ያን ቀንም አላደረገም። ደሙ በጋቢው አልፎ ሱሪው ላይ ደርሷል። እና ማዕረግ፣ ከንፈሯ አመድ የመሰለው ማዕረግ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ተዉት» አለች። «ተዉት፣ ይሙቅለት።»

እኔ ታክሲ ልፈልግ ወደ ዋናው መንገድ ሮጥኩ። አውቶቡስ ተራ የሚወርድ ሰው ጢም ያለባቸው ውይይት ታክሲዎች ናቸው የሚያልፉት፤ እጄን ባወዛውዝ፣ ብጮኽ፣ ማን ይቁምልኝ። ስመለስ ፒካፗ ከበራችን ቀስ ብላ፣ እንደ ሙሽራ መኪና፣ ስትወጣ አገኘኋት። ቀስቷ መሃል ደርሳ ነበር ማለት ነው።

መንገድ ላይ አልቆመችም። ዳገቱን ያለ አንዳች ማንገራገር ወጣችው። ሆስፒታል ሲደርሱ የተቀበለቻቸው ነርስ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና «አሁን ነው የምታመጧት?» አለች። ይህን የነገረኝ ማሙሸት ነው። ማዕረግ ረፋዱ ላይ ሞተች፣ ልጁም አብሮ። ወንድ ነበረ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ዱባለ ለገባ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይናገራል። «እግዜር ያጽናህ» ይሉታል፤ እሱ «ሞተሩ ቢቆምብኝ መንገድ ላይ ነበር የምትሞተው» ይላል። ያልጠየቀውን ሰው ሁሉ። የመጣው ሰው ጭንቅላቱን ይነቀንቅና ዞር ብሎ ይቀመጣል። ድንኳኑ ጥግ ካርታ ከሚጫወቱት ኩሊዎች አንዱ፣ ስሙን አልጠራልህም፣ ዛሬም እዚህ ተራ አለ፣ ቀስ ብሎ «ሬሳውንስ አሙቀው ነው የሚያወጡት?» አለ። ሳቁ። አፋቸውን በፎጣ ሸፍነው ሳቁ። ማሙሸት አጠገባቸው ተቀምጧል፣ ሰምቷል። ቀና ብሎም አላየ። መርካቶ እንዲህ ናት፤ ያንተ ሬሳ ሳይወጣ ቀልዱ ወጥቶ ሦስት ተራ ይዞራል።

ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ዱባለ ፒካፗን የባሰ ያዛት። ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ነገሩ ቀላል ነው። መኪናዋ ከቆየች፣ ማሞቁ ልክ ነበር ማለት ነው። ማሞቁ ልክ ከነበረ ደግሞ ማዕረግን የገደላት እሱ አይደለም። ስለዚህ የሌላ ሰው ፒካፕ በተበላሸ ቁጥር ሄዶ ያያል። ሞተሩ ተከፍቶ ሲያገኘው ባለቤቱን «ታሞቃት ነበር?» ይለዋል። ሰውየው ተናዶ «ምን አገባህ» ሲለው ይመጣና እዚህ ደጃፌ ቆሞ «አያሞቃትም ነበር» ይለኛል።  ገመዴን እለካለሁ። እሱ መልስ አይጠብቅም፤ መናገሩ ነው ቁም ነገሩ።

ኩሊዎቹ ጠዋት በግቢያችን ሲያልፉ «ጋሽ ይሙቅ፣ ሞቀ?» ይሉታል። ለዓመታት፣ በየጠዋቱ። ቀልድ ሲያረጅ ይተዋል ትላለህ፤ እዚህ አይተውም። ማሙሸት ይህን ሁሉ እየሰማ ይጭናል፣ ያወርዳል። መንጃ ፈቃድ አወጣ። ዱባለ ራሱ ነው ያስተማረው፤ መጀመሪያ ያስተማረውም ቀስቷን መጠበቅ ነው። አጠገቡ ይቀመጥና «ይሙቅ» ይለዋል፣ ማሙሸትም «እሺ ጋሼ» ይላል። ለምን ጥሎት አልሄደም ትለኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ስል ነበር። የት ይሂድ፣ አገሩ መሬት የለውም፣ ሌላ ዘመድ የለውም ብዬ ለራሴ መለስኩ። ዛሬ ሌላ መልስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ በዘጠና አምስት ነው፣ ደግሞም ታኅሣሥ፣ ዱባለ ኮፈኑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ እንደ ጆንያ ወደቀ። አፉ ወደ አንድ ወገን ሄደ። ማሙሸት ብድግ አድርጎ ጋቢና ውስጥ ወረወረው ልበልህ፣ አስገባው ሳይሆን ወረወረው። ዞሮ መሪው ጋ ገባ። እኔ በሩን ልከፍት ሮጥኩ፣ እንደዚያን ቀን። ሞተሩ ተነሳ። በዚያ ብርድ ያ ነጭ ጢስ ግቢውን ሞላው። ዱባለ፣ ምራቁ በአገጩ እየወረደ፣ በደህና እጁ የማሙሸትን ክንድ ያዘና «ይ… ሙቅ» አለ።

ወላሂ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ቃል ወጥቶት አያውቅም። የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው።

ማሙሸት አየው። ረጅም ጊዜ ያየው መሰለኝ፣ ምናልባት ለኔ ረዝሞብኝ ይሆናል።  አሁን ቁጭ ብሎ ያሞቅለታል አልኩ፤ ቀስቷ መሃል እስክትደርስ ይጠብቅለታል፣ ሰውየውም እዚያው ያልቃል፤ ማንስ ምን ይለዋል፣ ራሱ ነው ያዘዘው። ማሙሸት ግን ማርሽ አስገባና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። መኪናዋ ጮኸች። እንዲያ ስትጮህ ሰምቼያት አላውቅም። በሩን ገና በወጉ ሳልከፍተው ልትድጠኝ ነበር። ክላክሱን እየነፋ፣ የራጉኤልን ተሳላሚ እየበተነ፣ ዳገቱን ተምዘግዝጎ ወጣው። ዶክተሩ ማሙሸትን «በጊዜ ስላመጣኸው ነው የተረፈው» አለው።

እኔ ያን ቀን ማሙሸትን መረቅኩት። ቂም ቢኖረው ኖሮ ይገድለው ነበር፣ አላደረገውም፣ አላህ ይባርከው አልኩ። ሞኝ ነኝ እንግዲህ።

ዱባለ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ማሙሸት እንደ አባት ነው የያዘው። ያጥበዋል፣ ያጎርሰዋል፣ ይላጨዋል። ጠዋት አቅፎ አውጥቶ ጋቢና ያስቀምጠዋል፤ ቤት ብቻውን ከሚውል ከሰው ጋር ይዋል ይላል። ተራው በምርቃት ሊገድለው ነው። ሴቶቹ «እንዲህ ያለ አማች ለኔም ይስጠኝ» ይላሉ። እኔ ግን ግድግዳ ለግድግዳ ነኝ፣ የማያዩትን አያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማሙሸት ሽማግሌውን አስቀመጠ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለለት፣ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ገና ሲንጫጫ ነዳጁን ረገጠው። ቀስቷ ከታች ናት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ፣ በትሕትና፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ፣ «አዩ ጋሼ? ሳይሞቅም ይሄዳል» አለው። እና ሄደ።

በማግሥቱም እንዲሁ። በየቀኑ እንዲሁ። እህል ጭኖ፣ ብረት ጭኖ፣ ከአቅሟ በላይ አስሮ፣ ከበረደ ሞተር ቀጥታ ዳገት። በየጠዋቱ «አዩ ጋሼ? ሳይሞቅም ይሄዳል።» ሌላ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ዱባለ በደህና እጁ የመቀመጫውን ጠርዝ ጨብጦ ያችን ቀስት ያያል። መጀመሪያ ለመኪናዋ ሳስቶ መሰለኝ። ዕድሜውን ሙሉ እንደ ልጅ ያሳደጋት ናት፣ ልትበላሽ ነው ብሎ ተጨንቆ ነው አልኩ። አዘንኩለት። የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው፣ ከተማው የሚሊኒየሙን ባንዲራ ገና ሳያወርድ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማሙሸት ቁልፉን አዞረ፣ ምንም የለም። ደገመው፤ ቀጭ ብላ ቀረች። እንደገና፣ ቀጭ። እኔ ደጃፌ ላይ ውሃ እየደፋሁ ነበር፣ ቀና አልኩ። የዱባለን ፊት አየሁት። ሳቀ። ያ ግማሽ አፉ ወደ ላይ ተነሳ፣ ዓይኑ በራ፣ ከጉሮሮው የሆነ ድምፅ ወጣ፣ በደህና እጁ ጭኑን ይመታል። እንዲያ ደስ ብሎት ማዕረግ ከሞተች ወዲህ አይቼው አላውቅም። መኪናዋ እንድትሞት ነበር ሲጠብቅ የኖረው። ሳትሞቅ እየተነዳች ከሞተች እሱ ልክ ነበረ። ከሞተች ያን ጠዋት የጠበቀው ለሚስቱ ብሎ ነው። ካልሞተች ግን… ካልሞተች ምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።

ማሙሸት ወረደ። አልተቻኮለም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ጨርቅ ይዞ የሆነ ነገር ጠመዘዘ። ተመልሶ ገባና ቁልፉን አዞረ። ባንድ ምት ተነሳች፤ ያ ተርተርታዋ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። ነዳጁን ረገጠው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ በፎጣ ምራቁን እየጠረገለት፣ «ሞተሩ አይደለም ጋሼ» አለው። «የባትሪው ሽቦ ላልቶ ነው።»

ዱባለ አለቀሰ። ድምፅ የለውም፣ እንባው ብቻ ይወርዳል፣ እንደዚያን ቀን በጢሙ ላይ። እኔ ባልዲዬን አስቀምጬ ቤቴ ገባሁ። ማልቀሴን አልደብቅህም፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን ዛሬም አላውቀውም። ያን ሰውዬ እጠላዋለሁ። ማዕረግን ሳስባት፣ አሁንም ቢሆን ኮፈኑን እንደገና ብደበድበው እወዳለሁ። ግን ያንን ሳቅ ካየሁ ወዲህ ጥላቻዬ እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

በዚያው ሳምንት የመጋረጃ ቀለበት ልገዛ ሶማሌ ተራን ሳቋርጥ ማሙሸትን አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ፊት ቆሞ አገኘሁት። የዘይት ማጣሪያ እየመረጠ ነው። አንዱን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ አይደለም ብሎ ይመልሳል፣ ኦርጂናሉን አምጣ ይላል። ባለሱቁ «ለዚያች አሮጊት ነው እንዴ?» ብሎ ይስቅበታል። ዘይቱም ምርጥ፣ ማጣሪያውም ምርጥ። ከቀኑ ቀደም አድርጎ ነው አሉ የሚቀይረው፤ ዱባለ እንኳ በደህናው ዘመን እንዲያ አድርጎላት አያውቅም። ጎኑን ይዤ ዞር አደረግኩት።

«ማሙሸት» አልኩት፣ «ጠዋት ጠዋት እሳት ታነድባታለህ፣ ከሰዓት መጥተህ እንደ ዓይንህ ብሌን ትጠብቃታለህ። ምንድን ነው ሥራህ?»

«እንዳትበላሽ ነው፣ እትዬ ጠይባ» አለኝ።

«ብትበላሽስ? አርጅታለች፣ ትበላሽ።»

ማጣሪያውን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ በዚያ ጨዋ ድምፁ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ «ከተበላሸች ጋሼ ደስ ይላቸዋል» አለኝ።

  ቁጣዬ ሁሉ ከአፌ ደርሶ ተመለሰ። ያን የደም ጋቢ ጭኑ ላይ ይዞ የተቀመጠው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ቀለበቴን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለጥያቄህ መልሱ ይኸው ነው። ሞተሯ አልተነካም፣ ዘይት አትበላም፣ ጢሷ ንጹሕ ነው፣ ከዚህ በላይ ዕድሜ አላት። ግን ማሙሸት አይሸጥልህም። ካንተ በፊት ደህና ደህና ሰው መጥቶ ለምኖታል፣ እሱ «ጋሼ እያሉማ እንዴት ብዬ» ይላል፤ ተራው ደግሞ ይህንንም ከደግነቱ ቆጥሮ ይመርቀዋል። ሽማግሌው ሲሞት ተመለስ። ያኔ ምናልባት በነጻ ይሰጥሃል።

አትነሳ፣ ቆይ። ያው ማሙሸት መጣ፣ ያ ገመድ የተሸከመው። መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች፣ በርዳለች። ጫኞቹ ጨርሰዋል፣ አሁን ያስነሳታል። ሞተሩን ተወው፣ እሱ ይነሳል። ሽማግሌውን ተመልከት።